የሊዝቤት ሃምሳኛ ዓመትና የትሩስ ቁስል

ቀበሮ ሰው ልደቱን በሚያከብርበት ቀን አይምጣ የሚል ሕግ የለም። ነውር ግን ነው። ያውም በሃምሳኛ ልደት! ሐርመንን ገና በማለዳው የዶሮ ጩኸት ቀሰቀሰው። በውስጥ ሱሪው ብቻ፣ ከበር ኋላ ያገኘውን መጥረጊያ ወድሮ ወደ ጓሮ ሲሮጥ፣ ያ ዓይን አውጣ ሌባ የሚስቱን ዶሮ ትሩስን ጀርባዋን ነክሶ ይጎትታት ነበር። «ልቀቃት! ልቀቅ ብዬሃለሁ!» እያለ መጥረጊያውን ወረወረው። ቀበሮውን ስቶ ሣራን አናቷን መታት። ሣራ ከነወንበሯ ተገንድሳ ቀበሮው ላይ ተደፋች። ቀበሮውም ይህን የምታህል ወፍራም ሴትዮ ስትወድቅበት ጊዜ ደንግጦ፣ ዶሮዋን ጥሎ፣ ወለል ብሎ በተከፈተው የሽቦ በር ወጥቶ እብስ አለ።

ሣራ የገለባ ሴት ናት። ሃምሳ የሞላው ወንድ አብርሃምን አየ፣ ሃምሳ የሞላት ሴት ደግሞ ሣራን አየች ይባላል። ጎረቤት ተሰብስቦ በድብቅ ሰው የሚያህል አሻንጉሊት ይሠራና፣ አልብሶና መነጽር ሰክቶ ባለልደቱ ጓሮ ያስቀምጣል። ባለልደቱም ጠዋት ሲነሳ አይቶ ይደነግጣል። ካልደነገጠ እንኳን የደነገጠ ይመስላል፤ ያ ሁሉ ሰው ለፍቷላ! አሻንጉሊት ያልተሠራለት ሰው ግን መጋረጃውን እንደዘጋ ይውላል። መንደሩም ስለሱ አንድም ቃል አይናገርም፤ አለመናገሩ ራሱ ከንግግር ይብሳል።

ለሊዝቤት ግን ተሠርቶላታል። ትናንት ማታ እሷ የመዝሙር ልምምድ በሄደችበት ሰዓት፣ ባሏ ሐርመን ራሱ ጎረቤቶቹን በጓሮ በር አስገባቸው። አናጢው ሲትሴ ወንበሩን ተሸክሞ፣ በጡረታ የወጣው የወተት መኪና ሹፌር ቪብረን ሣራን ታቅፎ፣ እማማ ፍራውኬ ደግሞ በዚያ ዕድሜያቸው ባትሪ ይዘው እየመሩ ገቡ። «ዶሮዎቹ መሃል ትቀመጥ፤ ጭኗ ላይ እንቁላል እናድርግላት» ያለው ሲትሴ ነው። አስቀመጧት፣ ሳቁ፣ እርስ በርስ «ዝም በሉ! ዝም በሉ!» እየተባባሉ ከዶሮዎቹ በላይ ጮኹ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብተው ትንሽ ትንሽ አረቄ ቀመሱ። ሐርመን መሳቁን ያስታውሳል። አረቄውንም ያስታውሳል። የሽቦውን በር መቀርቀሩን ግን ቢገርፉትም አያስታውስም።

አሁን በተከፈተው በር ፊት በውስጥ ሱሪው ቆሟል። ትሩስ ማለት ለሊዝቤት እንዲሁ ዶሮ አይደለችም። ወጥ ቤት ገብታ ወንበር ላይ ወጥታ የምትቀመጥ፣ ሊዝቤት ጋዜጣ ስታነብ ጭኗ ላይ የምታንቀላፋ፣ ሐርመን እንዳይነካት ደግሞ የምትነቁረው ጉደኛ ናት። «ወይ አምላኬ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት! ያውም በልደቷ ቀን!» አለ በልቡ።

ሊዝቤት የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ብቅ አለች። መጀመሪያ ያየችው ሣራን ነው። እጇን ደረቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ውይ! ሣራ! ምነው ይሄን ሁሉ! በፍጹም አልጠበቅኩም!» ብላ ጮኸች። ጩኸቱ ያማረ ነበር። ከዚያ ጭቃው ላይ የተዘረጋችውን ትሩስን አየች። ሁለተኛው ጩኸት ከሆዷ ወጣ።

«በሩ... እ... ንፋስ ሳይከፍተው አልቀረም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«አዎ፣ ንፋስ ነው» አለች ሊዝቤት ቶሎ ብላ፣ ዶሮዋን በሌሊት ልብሷ እየጠቀለለች።

ቅጠል የማይነቃነቅበት ጸጥ ያለ ጠዋት ነበር። ሐርመን የሚስቱን አመል ያውቃል። ሊዝቤት ጮኻ የተቆጣች ዕለት ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ዝም ያለች ዕለት ግን ወዮለት! «እንግዶቹ እስኪሄዱ ነው የምትጠብቀው» ብሎ አሰበ። «የመጨረሻው እንግዳ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ያኔ ጉዴ ይፈላል።»

ትሩስን መታጠቢያ ቤት አስገቧት። ሊዝቤት የሌሊት ልብሷን በልደት ቀሚሷ ለውጣ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በፎጣ ጠቅልላ ያዘቻት፤ ሐርመን ለእንስሳት ሐኪሟ ደወለ። ሐኪሟ ያየውን ሁሉ እንዲነግራት ጠየቀችው። ጀርባዋ ላይ ቆዳው መዳፍ የሚያህል ተገሽልጧል፤ ክንፏ ሥር ሁለት የጥርስ ቀዳዳ አለ፤ አጥንቷ ደህና ይመስላል።

«ቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ ቁረጡ፤ ለብ ባለ የጨው ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ» አለች ሐኪሟ። «ሞቅ ያለና ጨለም ያለ ቦታ አስቀምጧት። ሌሎቹ ዶሮዎች ዘንድ እንዳትመልሷት፤ ደም ካዩ ነቁረው ይጨርሷታል። ነገ ጠዋት ለመርፌ አምጧት።»

«ትተርፋለች?»

«የሚገድላት ከቁስሉ ይልቅ ድንጋጤው ነው። በራሷ ውሃ ከጠጣች ትተርፋለች። እምቢ ካለች...» ብላ ሐኪሟ ተወችው።

ሐርመን በጥፍር መቁረጫ መቀስ ላባውን ቆረጠ። ከላባው ጋር ፎጣውንም ቆረጠው። በቡና ስኒ የጨው ውሃ እያፈሰሰ ጭቃውን አጠበ። ትሩስ ጭጭ አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጣቱን በልታው ነበር፤ አሁን ዓይኗን ከድና አንገቷን ሊዝቤት ክንድ ላይ ጥላለች። «አትነቁረኝም፤ አየሽ? አትነቁረኝም» አለ ሐርመን፣ መነቆር እንዲህ ይናፍቃል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ከዚያ ሐምራዊው መድኃኒት መጣ። ጋራዥ ውስጥ ከርሞ አፉ የደረቀ የሚረጭ ቆርቆሮ ነው፤ የቁስሉን ቅላት ሌሎቹ ዶሮዎች እንዳያዩት ይሸፍነዋል። ሐርመን አፉን በጥፍሩ ፋቀና ተጫነው። አልወጣም። ወደ ራሱ አዙሮ ቀዳዳውን ሲመለከት ወጣ።

«አፍንጫህ!» አለች ሊዝቤት።

ሌላ ቀን ቢሆን እስክትወድቅ ትስቅ ነበር። አሁን ፈገግም አላለች። ቆርቆሮውን ቀምታ ቁስሉን ራሷ ረጨች፤ ግድግዳውም ትንሽ ደረሰው። ሐርመን አፍንጫውን በሳሙና ፈተገ፣ በአረቄ ፈተገ፣ በጥርስ ሳሙና ፈተገ። ሐምራዊው ይበልጥ ጠራ።

ረፋዱ ላይ እንግዶች መጡ። ወንበሮቹ ከማታ ጀምሮ ሳሎኑ ውስጥ ክብ ሠርተው ተደርድረዋል። የገባው ሁሉ ክቡን እየዞረ ሁሉንም እየጨበጠ፣ «በሚስትህ እንኳን ደስ ያለህ»፣ «በጎረቤትሽ እንኳን ደስ ያለሽ» እያለ ተቀመጠ። ባለልደቷ ብቻ የለችም። ገንዳ ጠርዝ ላይ ዶሮ ታቅፋ ተቀምጣለች።

«እስክትጠጣ አልነሳም» አለች ለሐርመን። «ኬኩን አንተ ቁረስ።»

ቆረሰ። ለያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቁራሽ፣ አንድ አንድ ስኒ ቡና፤ የቀበሮውንና የተከፈተውን በር ወሬም አብሮ አደለ። ሲትሴ ቁራሹን ተቀብሎ ቀና ሲል አፍንጫውን አየው።

«ምነው ሐርመን፣ ቀበሮው ሳመህ እንዴ?»

«መድኃኒት ነው።»

«ለዶሮዋ ነው ላንተ?»

ክቡ በሳቅ አውካካ። ወዲያው ምክር ይጎርፍ ጀመር። ማር ቀቧት ያለ አለ። አንዷ የአክስቷ ዶሮ በጎመን ቅጠል እንዴት እንደዳነች ከመጀመሪያው አንስታ አወራች። ቪብረን ምንቃሯ ላይ አረቄ ጠብ አድርጉላት፣ የወተት ሹፌር በነበርኩበት ዘመን እኔንም ያነሳኝ እሱ ነው አለ። ከወዲያ ጥግ አንድ ድምፅ «ሾርባ» ሲል ሁሉም ዞረው አፈጠጡበት፤ ሰውዬው ቡናውን ማማሰል ቀጠለ።

ቤቱ ያለው አንድ መታጠቢያ ቤት ነው፤ ሽንት ቤቱም እዚያው ነው። ስለዚህ ሽንቱ የመጣ ሁሉ ባለልደቷ ዘንድ ይገባል። ሊዝቤት ዶሮዋን ይዛ የገንዳውን መጋረጃ ስባ ትከለልና፣ ሲጨርስ መጋረጃውን ከፍታ እጁን ትጨብጣለች። ሐርመን የስኳር ውሃ በጠብታ ማድረጊያ ይዞ አጠገቧ ቆሟል፤ ትሩስ ምንቃር ላይ ጠብ ያደርጋል፣ ውሃው በምንቃሯ ጎን ይፈስሳል። አትውጥም።

ቪብረን ገባ። ግዙፍ ሰው ነው፤ በሩን ሞላው።

«ሽንቴ አልመጣም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሊዝቤት፣ እንኳን አደረሰሽ። ትሩስ፣ በእመቤትሽ እንኳን ደስ ያለሽ። እና... እኔ ነኝ።»

«ምኑ?» አለች ሊዝቤት።

«በሩን። ትናንት ማታ የሣራ መነጽር ወድቆ ላነሳ ተመልሼ ገብቼ ነበር። መቀርቀሪያውን መልሼው ይሁን አይሁን እንጃ! አልመለስኩትም መሰለኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሕፃን ተኝቼ፣ ይኸው ዶሮሽን አስነከስኳት!»

ሊዝቤት ፊቷ ቀላ። «ተወው ቪብረን» አለች፣ ዓይኗን ከፎጣው ሳታነሳ። «ተወው፣ ንፋስ ነው።»

ቪብረን አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በዚያ ሰው ቦታ ሊናገር የሚገባው ሐርመን ነበር፤ እሱ ግን ጠብታ ማድረጊያውን እንደገና ሞላ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሐርመን ውሸት ግን በየሰዓቱ ይከብድ ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ ሲትሴ ሜትር ይዞ ገባ። በሕይወቱ ለማንም በነጻ ምስማር መትቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ለገዛ እናቱ መደርደሪያ ሠርቶ ደረሰኝ ሰጥቷቸዋል እየተባለ ይታማል።

«አዲስ የዶሮ ቤት እሠራልሻለሁ» አለ። «በሩ በራሱ ክብደት የሚዘጋ። አትክፈሉኝ።»

«ሲትሴ፣ አሞሃል እንዴ?» አለ ሐርመን።

«አንተ ዝም በል፣ ሐምራዊ! ሊዝቤት፣ ወንበሩን ሳስገባ በሩን በድንጋይ ደግፌው ነበር። ድንጋዩን ማንሳቴን ለማስታወስ ከጠዋት ጀምሮ ጭንቅላቴን ስመታ ዋልኩ። አላነሳሁትም። እኔ ነኝ።»

ሊዝቤት ከንፈሯን ነከሰች። «ሲትሴ... ሂድ ኬክህን ብላ» አለችው በመጨረሻ።

ሁለት ንጹሐን ሰዎች የሐርመንን ጥፋት ተሸክመውለት ወጥተዋል፤ አንዱ ጭራሽ የዶሮ ቤት ሊሠራለት ነው! ትሩስ ደግሞ እንደዚያው ናት። የአናቷ ቀይ ቁንጮ ፈዝዟል። ፎጣው ሥር እጁን አስገብቶ ሲዳስስ ልቧ ቱር ቱር ይላል።

ሦስተኛዋ እማማ ፍራውኬ ነበሩ። አንኳኩተው ገቡ፣ የሽንት ቤቱን ክዳን ዘግተው ላዩ ላይ ቁጭ አሉ፣ ከቦርሳቸው መሐረብ አወጡ። የመንደሩ ሰው ባላቸው ሲቀበሩ እንኳን ሲያለቅሱ አላያቸውም።

«ልጄ» አሉ። «ባትሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። መጨረሻ የወጣሁትም እኔው ነኝ። እነዚህ ሁለት ጅሎች እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ሲሉ ሰማኋቸው፤ አይደሉም። የአሮጊት ጣት መቀርቀሪያ አይገፋም፤ ሰው ጥሩልኝ እንዳልል ደግሞ አፈርኩ። "ደህና ነው" ብዬ ሄድኩ።» መሐረቡን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «እንግዲህ ወደ ቤቴ ልሂድ። በልደትሽ ቀን ይህን አድርጌሽ ኬክሽን አልበላም።»

«እማማ፣ የትም አይሄዱም!» አለች ሊዝቤት። «ይቀመጡ። ሐርመን፣ ደግፋቸውና ሳሎን አስቀምጣቸው።»

ሐርመን ደግፎ አስቀመጣቸው። ሲመለስ በሩን ከውስጥ ቆለፈው። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ፤ እሱም ከዚህ በላይ መቆየት አልቻለም።

«ሊዚ፣ ስሚኝ። ከነሱ አንዳቸውም አይደሉም። እኔ ነኝ። ሁሉም ከወጡ በኋላ በሩን ማየት የኔ ሥራ ነበር። አረቄው አዘናጋኝና ረሳሁት። ንፋስ ያልኩሽም ፈርቼሽ ነው። እንደፈለግሽ ስደቢኝ፤ ብቻ እማማ ፍራውኬ አያልቅሱ።»

ሊዝቤት ከሐምራዊው አፍንጫው እስከ ጫማው አየችው።

«ዘግተኸዋል» አለች።

«አልዘጋሁትም እኮ ነው የምልሽ!»

«ዘግተኸዋል እልሃለሁ፣ አንተ ሰው! ጥርቅም አድርገህ ነው የዘጋኸው። እኔ ስከፍተው አውራ ጣቴን ላጠኝ።»

ሐርመን ጠብታ ማድረጊያውን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ።

«ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ» አለች ሊዝቤት። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባለፈው ዓመት ለዚያች ድልድዩ ጋ ለምትኖረው ሴትዮ ማንም አልሠራላትም። ቀኑን ሙሉ መጋረጃዋን ዘግታ ዋለች፤ ታስታውሳለህ? እኔም የዚህ ሰው አይደለሁም፣ የመጣሁት ከደቡብ ነው፤ አሁን ድረስ በአነጋገሬ ይስቁብኛል። ባይሠሩልኝስ አልኩ። ሰው ሳያየኝ አስቀድሜ ልወቀው፣ ካልሠሩልኝ መጋረጃውን እዘጋለሁ ብዬ በባዶ እግሬ ወጣሁ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ተቀምጣለች። ያን የሚያምር ቀሚስ ለብሳ፣ እንቁላል ታቅፋ። ገብቼ አጠገቧ ተንበርክኬ እንደ ሞኝ አለቀስኩ። ከዚያ አንተ እንዳትነቃብኝ ሮጬ ተመልሼ አልጋ ውስጥ ገባሁ። በሩን ማን ያስታውሰዋል!»

«እና ጠዋት የጮኽሽው...»

«አልጋ ውስጥ ሆኜ ተለማምጄው ነው።»

ሐርመን መጀመሪያ ተነፈሰ፤ ከጠዋት ጀምሮ ደረቱ ላይ የተጫነው ድንጋይ ወረደ። ቀጥሎ ነደደው።

«እኔን ከጠዋት ጀምሮ በቁሜ ስትገይኝ ዋልሽ! ሲትሴን የሚያህል ቋጣሪ የዶሮ ቤት በነጻ እሠራለሁ ሲል ዝም! እማማ ፍራውኬን አስለቅሰሽ ዝም!»

«እንዴት ብዬ ልንገራቸው! ይሠሩልኛል ብዬ አላመንኳችሁም ልበላቸው? ለዚህ ሁሉ ልፋታቸው?»

«ታዲያ ለኔ ለብቻዬ ብትነግሪኝ...»

«አንተስ ብትነግረኝ! ንፋስ ነው ያለው ማነው?»

«አዎ፣ ንፋስ ነው ያለችውስ ማናት?»

ድምፃቸው ሳሎን ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፤ ወዲያ ያለው ጫጫታ ጸጥ ብሏል። ሁለቱም ሊጯጯኹ አየር ሲስቡ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰሙ። ትሩስ አንገቷን ከፎጣው አውጥታ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ በተቀመጠው በሊዝቤት የቀዘቀዘ ቡና ውስጥ ምንቃሯን ነክራ፣ ቀና ብላ ዋጠች። እንደገና ነከረች፤ እንደገና ዋጠች። ሐርመን ስኒውን በስኳር ውሃው ሊለውጥ እጁን ሲሰድ ጣቱን ነቆረችው።

«ነቆረችኝ!» አለ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። «ሊዚ፣ ነቆረችኝ እኮ!»

ሊዝቤት ትሩስን ከነፎጣዋ አቀፈቻትና ተነሳች። በሩን ከፍታ፣ ጸጉሯ እንደተንጨባረረ፣ የልደት ቀሚሷ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ እንዳለበት፣ ክቡ መሃል ሄዳ ቆመች። ሐርመን ከኋላዋ ቆመ። ነገረቻቸው። ጎህ ሳይቀድ መውጣቷን፣ በሩን፣ በአልጋ ውስጥ የተለማመደችውን ጩኸት፣ አንዱንም አላስቀረችም። ድንጋጤዋን አስቀድማ የተለማመደችውን ሴት መንደሩ ሁሉ ሊያወራት ነው፤ ታውቀዋለች፤ ነገረቻቸው።

ሲትሴ ሜትሩን ኪሱ ከተተ።

«እንዲህማ ከሆነ» አለ ሲትሴ በመጨረሻ፣ «የዶሮ ቤቱ ቀርቷል።»

«ምን ይቀራል! ተናግረሃል፣ ሰምተናል!» አለው ቪብረን፤ ክቡ በአንድ አፍ ሳቀ። ሲትሴ ብቻ አልሳቀም።

እማማ ፍራውኬ ግን ከወንበራቸው ሊዝቤትን ትኩር ብለው ያዩዋታል። መሐረባቸው ገና እጃቸው ላይ ነው።

«አንሠራልሽም ብለሽ ነው?» አሏት።

ሊዝቤት ትሩስን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ሣራ የለበሰችው ቀሚስ የኔ ነው» አሉ እማማ ፍራውኬ። «እኔ ሃምሳ ሲሞላኝ የለበስኩት። ሴት ልጅ ብትኖረኝ ለሷ በሰጠሁት ነበር፤ አልወለድኩም። ፋሲካ ሲያልፍ ከሣጥን አውጥቼ፣ ለሊዝቤት ሣራ ይሁን ብዬ በልክ ማስፋት ጀመርኩ። እነዚህ ወንዶች አሮጌ ጆንያ ይበቃታል ሲሉኝ ከሁለቱም ጋር ተጣልቻለሁ።»

ቪብረንና ሲትሴ መሬት መሬት አዩ። ሊዝቤት ዶሮዋን እንደታቀፈች ሄዳ እማማ ፍራውኬ አጠገብ ተቀመጠች፣ ራሷንም ትከሻቸው ላይ ጣለች። ሐርመን ኬክ ቆርሶ ለሁለቱም ሰጣቸው። እማማ ፍራውኬ በሉ፤ ሊዝቤት ግን ራሷን ከትከሻቸው ሳታነሳ ቁራሹን ይዛ ቀረች።